ለጃፓን ሠዓሊዎች ተዝካር ያወጡ የነበሩት የአቶ መርዕድ ለገሠ የሕይወት ታሪክ

አቶ መርዕድ ለገሠ ከአባታቸው ከአለቃ ለገሠ ወንድአፍራሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ ካሤ፣ በጋይንት ነፋስ መውጫ አጠገብ፣ በ1957 ዓ.ም. በሰኔ ሚካኤል ማግስት ተወለዱ። የመኖሪያ ፈቃድ ፔፐራቸው ላይ ጃንዋሪ አንድ ይላል። እዚህ ደቡብ አፍሪካ የእኛ ሰው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ስለተወለደ በዚህ አትከራከሩ።

ይኼን የምጽፈው የባለቤታቸው እናት አሰገደች ነኝ። ልጆቹ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አይጽፉም፤ ልጄ ረድኤት ደግሞ እስክሪብቶ ስትይዝ ታለቅሳለች። እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፤ ፊደል ብስት እለፉት። ዛሬ አስከሬናቸው በትልቁ በር ሲገባ "እንዴት ተፈቀደላቸው?" እያላችሁ የምትጠቃቀሱ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከደጅ ቆመው ሲያስቀድሱ ያያችኋቸው ሰው ናቸው። "ያለ ፍትሐት ነው የሚቀበሩት" እየተባለ በየታክሲው ሲወራ ጆሮዬ ሰምቷል። እሳቸውም ሰምተዋል። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ነበር፤ ወይ ያለ ፍትሐት መቀበር፣ ወይ ደግሞ ሌላ ጠያቂ የሌላቸውን ሰዎች መካድ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ይሻላል።

አባታቸው አለቃ ለገሠ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ድፍን ጋይንትን ዞረው ግድግዳ ሥለዋል። እንደምታውቁት ከግድግዳው ግርጌ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ በግንባሩ ተደፍቶ ይሣልና "ይህን ያሣለ ፊታውራሪ እገሌ" ተብሎ ይጻፋል። የሣለው ሰው ግን ስሙ የለም። አለቃ ለገሠ አቶ መርዕድ ገና ልጅ ሳሉ ሞቱ። አቶ መርዕድ በነፋስ መውጫ አንደኛ ደረጃ፣ ከዚያም በደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ተማሩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው አገራቸው በተመለሱበት ክረምት፣ ከከተማ የመጡ ሰዎች የአባታቸውን ግድግዳ ፎቶ እያነሡ "ይኼን ማን ሣለው?" ብለው ሲጠይቁ ደረሱ። ካህናቱ "የጥንት ነው፤ አይታወቅም" አሏቸው። አቶ መርዕድ "አባቴ ነው የሣለው" አሉ። "ማስረጃ አለህ?" ተባሉ። ማስረጃ ከየት ይመጣል? ይኼን ነገር ለሰው አይነግሩም ነበር፤ እኔም የሰማሁት ከታመሙ በኋላ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ መጋረጃ መስፋትና መስቀል ለመዱ። በ1985 ዓ.ም. ልጄን ረድኤትን በቃል ኪዳን አገቡ። እውነቱን ለመናገር እኔ ለሌላ ሰው አስቤያት ነበር፤ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላ ግን ሁለት ሚስት አገባ ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ። ሀሌሉያንና አቢይን ወለዱ። በ1993 ዓ.ም. በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ በኩል አድርገው ጆሃንስበርግ ገቡ። መንገዱን አልጽፈውም፤ ግማሾቻችሁ ሄዳችሁበታል፤ ግማሾቻችሁ ወንድም ቀብራችሁበታል።

መጀመሪያ ሂልብሮው በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው በተራ እየተኙ ኖሩ። መጋረጃና ብርድ ልብስ በትከሻቸው ተሸክመው በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሠፈር፣ "ሳውቦና ጎጎ"፣ ደህና ዋሉ እማማ፣ እያሉ ሸጡ። ቆይተው ከሆሳዕናው ልጅ ከአቢሶ ጋር ጻካኔ ላይ ስፓዛ የሚሉትን የሠፈር ሱቅ ከፈቱ። በ1997 ዓ.ም. ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን፣ ከዚያም እኔን አስመጡ። የመጋረጃ ሥራውን ግን አልተዉትም፤ የሥዕሉም ጉዳይ የመጣው በመጋረጃ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ኬንሲንግተን የምትኖር አንዲት ባልቴት ነጭ ሴትዮ መጋረጃ እንዲሰቅሉላት ጠራቻቸው። ባሏ በሕይወት ሳለ የበግ ጠጉር ወደ ጃፓን የሚልክ ነጋዴ ነበር። መጋረጃውን ሰቅለው ሲወርዱ መሰላሉ ቁም ሣጥኑን ነካው፤ ከላዩ ቀጭን የእንጨት ሣጥን ወደቀና ተከፈተ። ውስጡ እንደ ክታብ የተጠቀለለ ሥዕል ነበር፤ ወለሉ ላይ ተተረተረ። በቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠች ዝናብ የሚመታት ቁራ ናት። ከጥጉ በጥቁር ቀለም የተጫረ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር ቀይ ማኅተም። "ይኼ ምንድነው?" አሏት። "የሠዓሊው ስም ነው" አለቻቸው። "ማን ይባላል?" ሲሏት "እኔ ምን አውቄ፤ ባሌም አያውቅም ነበር" አለች። አቶ መርዕድ ከወለሉ አልነሣ አሉ። ሠዓሊው ስሙን ጽፎ፣ ማኅተሙን አትሞ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ የሚያነብለት ሰው አጥቶ ቁም ሣጥን ላይ ተኝቷል። ሴትየዋ አሳዘኗት መሰለኝ ሥዕሉን ከነሣጥኑ ሰጠቻቸው።

የሚያነብ ሰው ሲፈልጉ ሲፈልጉ ሚስተር ኦኖ የሚባሉ ሽማግሌ ጃፓናዊ ኪላርኒ ሠፈር አገኙ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የበግ ጠጉር ሊገዙ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። በዚያ በክፉው የአፓርታይድ ዘመን መንግሥት ጃፓኖቹን ከነጭ ይቆጥራቸው ነበር አሉ፣ ቻይኖቹን ግን አይቆጥርም፤ እንዴት እንደሚለያቸው እግዜር ይወቀው። ሚስተር ኦኖ ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር አይተው "ኪኩጆ ይላል፤ ሴት ናት" አሉ። ከዚያ አገራቸው ላለች የእኅታቸው ልጅ ጽፈው በሠዓሊዋ ሠፈር ባለ የቡድሃ መቅደስ አስጠየቁ። ኪኩጆ የሠዓሊ ሚስት ነበረች። ባሏ ሲሞት ሥራው እንዳይቋረጥ በእሱ ስም ስትሥል ኖረች፤ ልጆቿን ድራ ከጨረሰች በኋላ ነው የራሷን ማኅተም ያስቀረጸችው። ቁራዋ በስተርጅና የተሣለች ናት። አቶ መርዕድ ይኼን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ሚስተር ኦኖ ደንግጠው ውኃ አመጡላቸው።

ከዚያ ወዲያ ተለከፉ። ክሊፕታውን ፈዲላ የምትባል አሮጌ ዕቃ የምትሸጥ ህንድ አለች፤ የሞተ ሰው ቤት ዕቃ ሲራገፍ የምትገዛ ናት። ጥቅል ነገር በመጣላት ቁጥር "ሚስተር መርዕድ፣ የግድግዳ ወረቀትህ መጥቷል" እያለች ትደውልላቸዋለች። ስመ ጥሮቹ ሠዓሊዎች ሙዚየም ገብተዋል፣ እነሱ ዘበኛ አላቸው። ክሊፕታውን የሚደርሱት የገጠር ሠዓሊዎች ናቸው፤ የሚጠይቃቸው የሌለ። ሾሴቱ የሚባል ነበር፤ ለአንዲት የመጠጥ ቤት ባለቤት ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ብቻ ሲሥል የኖረ። ለምን ዓሣ ብቻ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔ ግን ውሽማው ነበረች ባይ ነኝ፣ አቶ መርዕድም አልካዱም። ታንሬይ የሚባል ደግሞ ዓይኑ ጠፍቶም ቀርከሃ መሣሉን አልተወም፤ መስመሩ ከወረቀቱ አልፎ ይሄዳል። ሌሎችም ነበሩ። ሥዕሎቹ ለእኔ ዓይን ግማሻቸው ባዶ ናቸው። "ቀለሙ ነው ያለቀባቸው ወይስ ሰነፉ?" ብዬ ስጠይቃቸው "እማማ፣ ባዶው እኮ ጉም ነው" ይሉኝ ነበር። እስቲ ለጉም ማን ሐር ያባክናል?

አያያዛቸው እንደ ታቦት ነው። አንዱን ብቻ አውጥተው ይሰቅላሉ፤ ጥቂት ሰንብተው ጠቅልለው ወደ ሣጥኑ ይመልሱና ሌላ ያወጣሉ። ሚስተር ኦኖ በየካቲት የሚሰቀለው የበረዶ ላይ አበባ ነው ይላሉ፤ የጆሃንስበርግ የካቲት ደግሞ ሙቀትና ነጎድጓድ ነው። በዚህ ሲከራከሩ ሻይ ይቀዘቅዝባቸው ነበር። በዐቢይ ጾም ግን አቶ መርዕድ ግድግዳውን ባዶ ያደርጉታል። በክረምት የዚህ አገር ደረቅ ብርድ ሐሩን እንዳይሰነጥቅባቸው ከሥሩ ውኃ በሳህን ያስቀምጣሉ። ሥዕሉን ሲያዩ ደግሞ ይንበረከካሉ፤ የተሣለው ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ነውና። የምራቅ ፍንጣሪ ሐር ያበላሻል ተብለው አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

አንድ ቀን አቢሶ ቤት ሲመጣ በመስኮት አያቸው። ሥዕል ተሰቅሏል፣ ሰውዬው ተንበርክከዋል፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። እኛ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን የምንንበረከከው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አቢሶ ደግሞ ጴንጤ ነው፤ እንኳን የጃፓን ቁራ የእኛም ሥዕለ አድኅኖ ጣዖት ይመስለዋል። "መርዕድ ለወፍ ይሰግዳል" ብሎ ለቀልድ አወራ። የእኛ ሰው በሚነግድበት በጂፒ መንገድ የተወራ ነገር ቀልድ ሆኖ አይቀርም። አቢሶ እዚሁ ስለቆመ በፊቱ ነው የምለው፤ ዋሸሁ ልጄ?

ያም ሆኖ በወሬ ብቻ ማንም አልተባረረም። የተባረሩት በተዝካሩ ነው። አቶ መርዕድ የሠዓሊ ስም በተነበበ ቁጥር ያቺን ዕለት ሙት ዓመት አድርገው ይይዟታል፤ የሞተበትን ቀን ማን ያውቃል? በየዓመቱ በዚያች ቀን ዳቦና ንፍሮ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ቀሲስ አልአዛር "የክርስትና ስም?" ሲሏቸው ለኪኩጆ "ወለተ ሥላሴ"፣ ለሾሴቱ "ገብረ መድኅን"፣ ለታንሬይ "ወልደ ሚካኤል" ብለው ይሰጣሉ። ቀሲስ ስም ጠርተው ይጸልያሉ፤ እናንተም ዳቦውን እየበላችሁ ነፍስ ይማር ትላላችሁ። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ሄደ። "የማን ነው?" ሲባሉ "የወዳጄ ነው" ይላሉ፤ ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

በ1911 ሳይሆን በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ቁጥር ስለምስት ነው፣ የኪኩጆ ሙት ዓመት ሲደርስ ሚስተር ኦኖን ጋበዟቸው። ሽማግሌው ከረባታቸውን አሥረው መጡ። በአዳራሹ ሴቶቹ ከበቧቸው፤ አንድ ወጣት ዲያቆን ያስተረጉማል።

"ሟች ለእርስዎ ምንዎ ናት?" አሏቸው።

"አላውቃትም።"

"መቼ ነው የሞተችው?"

ሚስተር ኦኖ በጣታቸው ቆጥረው "ወደ ሁለት መቶ ዓመት ይሆናታል" አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ማኘክ ቆመ። አንዷ "ኦርቶዶክስ ነበረች?" አለች። "አይደለችም፤ የቡድሃ ናት። ግን ቁራ አሳምራ ትሥል ነበር" አሉ፤ ንፍሮውንም አመስግነው ጨምሩልኝ አሉ።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ሳቁ ነው ነገሩን ያከፋው። ቀሲስ አልአዛር በቅንነት የጸለዩት ጸሎት መሳቂያ ሆነባቸው፤ በጓሮ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ሲያልፉ እንደ ቁራ "ቋ" ይሏቸው ጀመር። ቀሲስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሁንም እዚሁ ሆነው እየሰሙኝ ነው፤ ግን እፍረት የሰውን ልብ ያደነድናል። የሰበካው ጉባኤ ተሰበሰበና "በሐሰት ስም መቅደስ አስደፍረሃል፤ ንስሐ እስክትገባ ድረስ ከደጅ ቁም" አሏቸው። አቶ መርዕድ "በዋሸሁት ቅጡኝ። ሰው በማስታወሴ ግን ተጸጸትኩ ብል ያ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል" አሉ። እንግዲያው ከደጅ ቆሙ። እሑድ እሑድ ከዘበኛው ጎን፣ በዝናብም በብርድም።

ልጄ ረድኤት በዚህ ተቃጠለች። በሰው ፊት ማለፍ አቃታት። "አስባ ሳይሆን ተናዳ ነው" እንዳልላት አስባበታለች። "ሌላው ሰው ባሏ ከቆንጆ ሴት ጋር ይታማል፤ የእኔ ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ከሆናት ሴትዮ ጋር ታማ። ይቺን ኪኩጆ የምትባለዋን ከቤቴ አስወጣልኝ" አለቻቸው። አቶ መርዕድ ሣጥኖቹን ሁሉ በመኪና ጭነው ጻካኔ ከስፓዛው ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ ደረደሯቸው። በማግስቱ ዓመት በኮሮና ሚስተር ኦኖ ሞቱ። ለቀስተኛ መግባት አልተፈቀደም ነበር፤ አቶ መርዕድ ከአስከሬን ማቃጠያው ውጪ መንገድ ላይ ብቻቸውን ቆመው ዋሉ። ማኅተም የሚያነብላቸውም በዚያው አበቃ።

በሐምሌ 2013ቱ ረብሻ ጻካኔ ያለው ሱቅ ተዘረፈ፣ ከዚያ እሳት ለቀቁበት። አቶ መርዕድና አቢሶ በጓሮ በር አምልጠው ነበር። አቶ መርዕድ ተመልሰው ገቡ። ጭሱ ውስጥ ሲወድቁ እግራቸውን ይዞ ጎትቶ ያወጣቸው አቢሶ ነው። ይኼንንም በፊቱ ነው የምለው። ሲወጡ በእቅፋቸው አንድ ሣጥን ነበረች። ሌሎቹን ዘራፊዎቹ ገንዘብ ያለባቸው መስሏቸው አውጥተው፣ ከፍተው፣ ጭቃ ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለች ጎጎ በማግስቱ ጠዋት ለቅማ ሰበሰበቻቸው። ቀና ሴት ናት፤ ጭቃውን ስታይ ዘፍዝፋ በሳሙና አጠበቻቸውና በልብስ ማስጫዋ ላይ ሰቀለቻቸው። አቶ መርዕድ እያሳላቸው ሲደርሱ የሾሴቱ ዓሦች ወደ ኩሬው ተመልሰው ነበር፤ የታንሬይ ቀርከሃ የዘይት እድፍ ይመስላል። ጎጎዋ እንድትመሰገን ቆማ ትጠብቃለች። "ንጊያቦንጋ ጎጎ" ብለው በቋንቋዋ አመሰገኗት፣ ጉልበቷንም ሳሙ። ታክሲ ውስጥ ግን የታጠቡትን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እስከ ቤት ማኅተማቸውን ሲፈልጉ ሄዱ፤ አብሬያቸው ነበርኩ።

ሰዉ "እግዜር ጣዖቱን አቃጠለው" አለ። ረድኤት ይኼን ስትሰማ የነበራት ቁጣ ወደ ሰዉ ዞረ። ባሏን ራሷ ብትናገራቸው ያምርባታል፤ ሰው ሲናገርባት ግን እናቷን ትመስላለች።

ሥዕል ላይሆን ከተበላሸው ሁሉ አቶ መርዕድ ማኅተሙን ብቻ በመቀስ ቆርጠው አወጡ። ሳሙናው ቀዩን ቀለም አላስለቀቀውም ነበር። በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ሰፏቸው፤ መጋረጃ ሰፊ አይደሉ? ከእሳት የተረፈችው ሣጥን የኪኩጆ ናት።

ሳንባቸው ከዚያ በኋላ አልዳነም። ሐኪሞቹ ብዙ ታግለዋል። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ተዉ፣ ከዚያ መጋረጃ መስቀል፣ ከዚያ እሑድ ከደጅ መቆም። ያን ሲተዉ ነው መሞታቸው የገባኝ። አልጋቸው አጠገብ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ተተከለ፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይጮኽና ይቆማል። ትንሿ ጠርሙስ ካለቀች ረድኤት በካርቶን ታራግባቸዋለች። ማራገብ ኦክስጅን እንደማይሆን ታውቃለች፤ እጇ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። በክረምቱ መጨረሻ አንድ ጠዋት ስገባ ያቺን ቁራ ራሷ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሰቅላላቸው አገኘኋት። ውኃ በሳህን አስቀምጣለች። አፏን በነጠላ ሸፍናለች።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ቀሲስ አልአዛርን አስጠሩ። ቀሲስ መጡ። መጀመሪያ ሥዕሉን አዩት። "ይቺ ናት?" አሉ። "እሷ ናት" አሉ አቶ መርዕድ። ቀሲስ ረጅም ሰዓት አይተው "ዝናቡ ይበርዳል" አሉና ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሏቸው፤ እኔ በር ላይ ስለነበርኩ ነው የሰማሁት፣ ሆን ብዬም ነበር የቆምኩት።

"መርዕድ፣ አንተ ሰው አስታወስኩ ትላለህ። ሴትየዋ ስሟን ቀርጻ አትማ ሞታለች። አንተ ወለተ ሥላሴ አልካት። ጠየቀችህ? ነገ አንዱ ፈረንጅ ነፋስ መውጫ ሄዶ የአባትህን መቃብር ቢያገኝና 'ለሚስተር ጆን' ብሎ ሻማ ቢያበራለት፣ አስታወሰልኝ ትላለህ ወይስ ቀማኝ ትላለህ?"

አቶ መርዕድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀሲስ ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። እኔም በልቤ "በቃ፣ ያለ ፍትሐት ሊቀበሩ ነው" አልኩ። ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም። በማግስቱ ረድኤትን "ቀሲስን ጥሪልኝ" አሏት።

ቀሲስ ሲመጡ አቶ መርዕድ የማሽኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው አንሥተው ተናገሩ። "አባቴን ያደረጉትን እኔ እነሱን አደረግኳቸው። ስማቸውን ከግድግዳው አጠፋሁት። በዚህ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ" አሉ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት። ቀሲስ የጠበቁት ንስሐ ይኼ አልነበረም፤ እሳቸው "ለማያምን ማስጸለዬ ስህተት ነው" እንዲሏቸው ነበር የሚፈልጉት። ይኼ ግን ንስሐ መሆኑን ማንም ያየ ሰው ያውቀዋል። ቀሲስ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ፣ መስቀላቸውን አወጡ፣ ፈቷቸው። ሐሰተኞቹን የክርስትና ስሞች ከጸሎት እንዳወጧቸውም ነገሯቸው። አቶ መርዕድ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ።

ልጃቸው ሀሌሉያ "አስከሬንህን አገር ቤት እንውሰድ?" ስትላቸው "እዚያ ማን ስሜን ያውቃል? እዚህ ቅበሩኝ" አሏት። ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ መርዕድ የባለቤታቸው የወይዘሮ ረድኤት ባል፣ የሀሌሉያና የአቢይ አባት፣ የአቢሶ ባልንጀራ፣ የእኔ ደግሞ ከወለድኳቸው የማይለዩ ልጄ ነበሩ። ሁላችንም በሕይወት አለን፤ እያለቀስን።

ከእሳቸው ሌላ ጠያቂ ያልነበራቸውም አሉ። እነሱን ምን እንደማደርግ ቀሲስን ጠየቅኳቸው። "በጸሎት አይገቡም። የሕይወት ታሪክ ግን የሰውዬው ሕይወት ነው፤ ያለውን እንዳለ ጻፊ" አሉኝ። ስለዚህ ከጨርቁ ላይ ያሉትን፣ ሚስተር ኦኖ ያነበቧቸውን፣ በገዛ ስማቸው አነባለሁ። ማኅተማቸው ሳይነበብ የቀሩትም በዚያው ጨርቅ ላይ ናቸው፤ ሀሌሉያ ወስዳ የሚያነብ ትፈልጋለች። እናንተ ምንም አትበሉ፤ ስም መስማት ኃጢአት የለውም። "ነፍስ ይማር" የምትሉት ለመጨረሻው ብቻ ነው፤ ቀሲስ ያዘዙት እንዲያ ነው። እኔ ሳላቋርጥ ነው የማነበው፤ አፋችሁ ቢያመልጣችሁ ከእኔ አይደለም።

ኪኩጆ። ሾሴቱ። ታንሬይ። በክርስትና ስማቸው ኃይለ ኢየሱስ የተባሉት አቶ መርዕድ ለገሠ።